ግልጽ ደብዳቤ፦ ሐይቅ ላሳይ ሄጄ አጥር አሳየሁ

ለ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ሐይቆችና ተራሮች ለሚመለከታቸው ቢሮዎች፣ ሐይቅ ዳር ቦታ ለያዛችሁ ባለሀብቶች፣ እንዲሁም ቅዳሜ ጠዋት የጫማውን ክር አጥብቆ ለሚወጣ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የእግር መንገድ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አቃቂ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጉልበቴን ቢፈጀውም ክፍል ቀይር ብባል እምቢ እላለሁ። መስኮቱ ነው የያዘኝ። ወደ ምሥራቅ ሳይ የረር አለ። ወደ ምዕራብ ፉሪ፣ ከፉሪ ወዲያ ወጨጫ። መስከረም ላይ አየሩ ታጥቦ ሲጠራ፣ የፋብሪካ ጭስ ካልጋረደው፣ ወደ ደቡብ ዝቋላ እንደ ተደፋ ድስት ጉብ ብሎ ይታያል። አራቱም እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የረር፣ ፉሪና ወጨጫ ከበረዱ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ለተማሪዎች ስናገር በየዓመቱ የሚገጥመኝ መልስ አንድ ነው። «ቲቸር፣ እሳተ ገሞራ አፋር አይደል እንዴ?»

እሳተ ገሞራ ሲባል የሚያውቁት ኤርታ አሌን ነው፤ ቲቪ ላይ ቀይ ሆኖ ሲንተከተክ። ሰፈራቸው የቆመበት ዓለት ከየት እንደመጣ የነገራቸው የለም። ኳስ ሜዳቸው ላይ የተደፋው ቀይ አሽ እንኳ ከዱከምና ከቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉ ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች ተቆፍሮ፣ በሲኖትራክ ተጭኖ የመጣ ነው። እነዚያ ኮረብታዎች፣ በነገራችን ላይ፣ እያለቁ ነው። አንዱን ከነሙሉ ቁመናው አውቀዋለሁ። ዛሬ ግማሹ የሰው ግቢ ንጣፍ ሆኗል።

ከዚያ 2017 መጣ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ፣ የቁም ሳጥን በር ራሱን በራሱ ሲከፍት፣ የኮንዶሚኒየም ሰው ጋቢውን ደርቦ ደረጃ ሲወርድ የነበረውን ማን ይረሳል? ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች መካከል፣ ከመሬት በታች፣ ቅልጥ ዓለት መንገድ እየፈለገ ነበር። እዚያው አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል። እኛ ጋ የደረሰው ንዝረቱ ብቻ ነው። በማግስቱ ክፍል ስገባ የለመድኩት ጫጫታ የለም። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኛስ ይነሳል?»

የኛ ያለችው የረርን ነው። እንደማይነሳ ነገርኳት። «የኛ» ማለቷ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለካ ፍርሃት የሰውን ተራራ የራስ ያደርጋል። ጉዞውን ያሰብኩት ያኔ ነው። ለመሄድ ዓመት ፈጀብን። ፈቃዱ፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ... ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ግን አለቆቻችንም ጉዳዩ ጉዳይ መሆኑ ገባቸው። ፈረሙ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 38 ተማሪዎች፣ ሁለት መምህራንና አንዲት እናት ሆነን በኪራይ አውቶቡስ ተነሳን። መዋጮው ለአውቶቡሱ ብቻ ነው የበቃው። ምሳ ከየቤቱ ተቋጠረ። ጾም ስለሆነ ሽሮ ፍርፍር፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ድንች ወጥ። አንዱ ልጅ በሶውን በሃይላንድ ጠርሙስ በጥብጦ ይዟል። እናትየው ለሁሉም የሚበቃ ቆሎ በፌስታል አመጡ።

ቢሾፍቱን የመረጥኩት ስለቀረበች ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ በአንድ ቀን፣ ያለ ድንኳንና ያለ ገመድ፣ የበርካታ ፍንዳታዎችን ጉድጓድ ከነውሃው የሚያይበት ቦታ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ ሐይቅ፣ ኪሎሌ። ኩሪፍቱ ሌላ ታሪክ አለው፤ ውሃ የሞላው በሰው እጅ ነው። ጨለለቃም ጥልቀት የሌለው፣ ከክረምት ወደ በጋ የሚሰፋና የሚጠብ ረግረግ ነው። ሌሎቹ ግን ፍንዳታ የቆፈራቸው ናቸው።

አውቶቡሱ ውስጥ እንዲህ አስረዳኋቸው። እናታችሁ ምጣድ ጥዳለች። ምጣዱ ግሏል። ውሃ ጠብ ሲልበት ምን ይሆናል? «ቸስ!» አሉ በአንድ ድምፅ። እንግዲህ ምጣዱን ከመሬት በታች አድርጉት። ከታች ቅልጥ ዓለት ይመጣል፣ ከላይ የከርሰ ምድር ውሃ ይጠብቀዋል። ሲገናኙ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ቦታ ይፈልጋል፤ ከውሃው ከሺህ እጥፍ በላይ። ቦታ ሲያጣ ጣሪያውን ይገነጥላል። የተገነጠለው ዓለትና አመድ ዙሪያውን ይከመርና ቀለበት ይሠራል፣ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። ዝቋላ ራሱን ከፍ አድርጎ ገንብቶ አናቱ ላይ ሐይቅ ያዘ፤ ቢሾፍቱ ወደ ታች ተቆፈረ። «ስለዚህ ዳሩ ላይ ቆማችሁ የጉድጓዱን ግድግዳ ስታዩ፣ አመዱ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ታያላችሁ» አልኳቸው። ቃል ገባሁ ማለት ነው። መግባት አልነበረብኝም።

የመጀመሪያው ሐይቅ ጋ ደረስን። ስሙን አልጠራም። የያዘውን ድርጅትም እንዲሁ። ጠቤ ከአንድ በር ጋር ስላልሆነ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ትሁት ሰው ነው። «ስንት ናችሁ?» አለ። ነገርኩት። መግቢያ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፣ ምግብና መጠጥ ከውጭ ማስገባት አይቻልም፣ ውስጥ መጠቀም ግዴታ ነው። ውስጥ የአንድ ለስላሳ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ነግሮኝ ራሱ አፈረ።

«ለአስር ደቂቃ ብቻ ነው። ዳሩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ ይወጣሉ» አልኩት።

ገብቶ ጠይቆ ተመለሰ። «መምህር፣ እኔም ልጅ አለኝ። ትእዛዝ ነው» አለኝ።

ሁለተኛው በር ላይ ሠርግ ነበረ። ጾም እያለ ሠርግ ማየቴ ቢገርመኝም አልፈርድም። ሦስተኛው ጋ በር የለም፤ ቆርቆሮ ብቻ። ቆርቆሮው ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ይሄዳል። አንዱ ተማሪዬ ምስማር የበሳው ቀዳዳ አገኘና ዓይኑን ለጠፈ። «አየሁት! ሰማያዊ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ምን እንደሆነ ገምቱ። 38 ልጆች በአንዲት የምስማር ቀዳዳ ሐይቅ ለማየት ተሰለፉ። ለእያንዳንዳቸው አስር ሰከንድ። አንዷ ልጅ ተራዋን አይታ ስትመለስ «ቲቸር፣ እንጀራውስ የት አለ?» አለችኝ። የአመዱን ድርብርብ ማለቷ ነው። ሳቅሁ። ሳቄ ግን የውስጤ አልነበረም።

በመጨረሻ በሁለት አጥሮች መካከል ለከብት የተተወች ጠባብ መተላለፊያ አገኘን። ከብቶቹ ከኛ የተሻለ ተደራዳሪ አላቸው መሰለኝ። በነጠላ ሰልፍ ገባን፣ ጥቂት እንደሄድን መሬቱ አለቀ።

እዚያ ቆሞ ዝም ያላለ ልጅ የለም። ስልክ ለማውጣት እንኳ ጊዜ ወሰደባቸው። ገደሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥሩ ውሃው እንደ ዓይን ክብ ሆኖ ይመለከትሃል። ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ አመዱ ተደራርቦ፣ አንዱ ንብርብር ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ ግራጫና ቡናማ እየተፈራረቀ ይታያል። ዳክዬዎች ነጥብ ነጥብ ሆነው። በጣም ርቀው፣ ከአድማሱ ጋ፣ ዝቋላ። ያቺ «እንጀራውስ» ያለችው ልጅ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ላይ ደርሳ ጠፋባት፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች። በ14 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ክፍለ ጊዜ አላስተማርኩም። አፌንም አልከፈትኩም።

ከዚያ አንዱ ልጅ ተንሸራተተ።

ብዙ አልሄደም። ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አፈሩ የደረቀ አመድ ስለሆነ እንደ ጤፍ ከእግር ሥር ይከዳል። ቁጥቋጦ ያዘው። ክርኑ ተላጠ፣ ሱሪው ተቀደደ፣ እሱ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን እስከ አውቶቡሱ ድረስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁጥቋጦው ባይኖርስ? እነዚህ ሐይቆች ከዳር ጀምረው በቀስታ የሚጠልቁ አይደሉም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ገደማ ነው። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየማችንን አምስት ጊዜ ደራርባችሁ ብታስገቡት ጣሪያው አይታይም። የሐይቁ ዳርቻ ጠባብ እርከን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ። ይህን የሚናገር አንድ ታፔላ በቆምንበት አካባቢ አላየሁም። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ግን ሁለት አይቻለሁ።

ልትሰሙኝ የምፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። አጥሩ ሐይቁን አልጠበቀውም። ሰውንም አልጠበቀውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ገንዘብ የሌለውን ሰው ደልዳላውን ዳርቻ ከልክሎ ወደ ገደሉ መግፋት ነው። ገንዘብ ያለው በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአጥር ብረት ተደግፎ ያያል። የሌለው በከብት መንገድ ገብቶ በሚንሸራተት አመድ ላይ ቆሞ ያያል። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ውሃ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ ሌላም ልጨምር። ከገደሉ ስንመለስ ወጣቶች ጠበቁን። «የአካባቢው ማኅበር ነን፣ የመግቢያ» አሉ። ከፈልን። መቶ ሜትር ሄደን ሌሎች መጡ። እነሱም ማኅበር ናቸው። ከእነሱ ጋር ተከራክረን ግማሽ ከፈልን። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ደግሞ «የፓርኪንግ» ተባለ። ሦስት ክፍያ፣ ደረሰኝ ዜሮ። በልጆቹ አልተናደድኩም። ሥራ የለም፣ መሬቱ የአባቶቻቸው ነው፣ ከቆርቆሮው ወዲህ የቀረላቸው እኛ ብቻ ነን።

እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ የዕለቱ ምርጥ መምህር ሆኖ ተገኘ። ብር ተቀብሎ ሲያበቃ እንደማፈር ብሎ «መምህር፣ ዓሣው ሲሞት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለኝ። ቅዝቃዜ ሲበረታ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን፣ አንዳንድ ዓመት ጠዋት ላይ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይገኛል። «ሐይቁ ተገለበጠ እንላለን» አለ። ልክ ነው። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ከታች ያለው ውሃ አየር አልባ ነው። ከላይ ያለው ሞቅ ሲል ተደራርበው ይኖራሉ፤ ሲቀዘቅዝ ግን የላይኛው ይከብድና ይሰምጣል፣ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን እኔ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ለማስረዳት 40 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ልጁ በእጁ መዳፍ ገልብጦ አሳያቸውና ጨረሰ። ተማሪዎቼ ከበቡት። ቆሮሶ በምን እንደሚጠመድ፣ አምባዛ የት እንደሚደበቅ፣ አረንጓዴ ሐይቅ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቁት። የመጨረሻውን ለኔ አሳለፈው። አረንጓዴነቱ ስፒሩሊና የሚባለው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ውሃው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ሶዳ ያለበት ስለሆነ ለብዙ ፍጥረት አይመችም፣ ለእሱ ግን ሠርግና ምላሽ ነው። የሰው እጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ኪሎሌ አለላችሁ። እሱም እንዲሁ የሶዳ ሐይቅ ነበር። የሞጆ ወንዝ ውሃ ሲጠለፍለት ሶዳው ቀንሶ እንደ ወንዝ ያለ ውሃ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ድሮ ይኖሩበት የነበሩት ፍጥረታትም በሌላ ተተኩ።

ይህ ወጣት ደሞዝ፣ መታወቂያና ደረሰኝ ቢኖረው ምን ነበረበት?

ልጆቻችንን በነፃ አስገቡ ብዬ እየለመንኩ አይደለም። ሪዞርት ይፍረስም አላልኩም። እኔም ደሞዝ የወጣ ሰሞን ባለቤቴን ይዤ ሐይቅ ዳር ማኪያቶ ጠጥቻለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የሀገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ባለሀብቱ የተከራየው መሬቱን ነው። ታዲያ ውሃውን ማየት ከመቼ ጀምሮ ከማኪያቶ ጋር ተጠቅልሎ ተሸጠ?

የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ቢያንስ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ፣ በአጥሩና በውሃው መካከል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ የእግር መንገድ ይከፈት። አስፋልት አንፈልግም። ኮብልስቶንም ይቅር። አፈር ይሁን፣ ገደል በሆነበት የእንጨት መደገፊያ ይኑረው። መግቢያው ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ ይቁም፤ ጥልቀቱን፣ የት መዋኘት እንደማይቻልና ሐይቁ እንዴት እንደተወለደ የሚናገር። ክፍያ ይኑር፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ደረሰኝ፣ ተማሪ በግማሽ። የሚቆርጡትና የሚያስጎበኙት እነዚያው ወጣቶች ይሁኑ። አዲስ ሎጅ ከመገንባት ይህ ምን ያህል እንደሚረክስ የእናንተ ኢንጂነሮች ይቁጠሩት።

የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወጨጫ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ መናገሻ ሱባ ደን አለ። በር ላይ ከፍለህ ትገባለህ፣ መንገዱን ይዘህ ጥዱን እያየህ ትወጣለህ፣ የቋጠርከውን ምሳ ዛፍ ሥር ትበላለህ። ማንም «ውስጥ ካልገዛህ» አይልህም። ያንን ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ያን ጊዜ ያሰቡልን ሰው ነበሩ ማለት ነው። ወንጪም አለ። እዚያ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ በተራ ፈረስና ጀልባ ሲያቀርብ ኖሯል፤ ትልቁ ሎጅ በገበታ ለሀገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሲመርጥ የመረጠው መንደሯን ነው።

ዝቋላ ደግሞ ከሁሉም ያስቀናኛል። 2,989 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ፣ ዳሩ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምዕመኑ ከየአቅጣጫው ይወጣል። ሐይቁ የተከበረ ነው፣ ዘሎ የሚገባበት ጎረምሳ የለም። ግን የታጠረ አይደለም። ባለፀጋውም አካል ጉዳተኛውም እኩል ዳሩ ላይ ይቆማል። እኔ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ሲቀድሙኝ «አይዞህ ልጄ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ፣ አፍህን ዝጋ» ብለውኛል። እስካሁን ተራራ ስወጣ የምጠቀምበት ብቸኛ የሙያ ምክር እሱ ነው። አሁን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ መሄድ ስለማይገባ ተማሪ ይዤ ለመውጣት አልደፈርኩም። ሰላም ሲሆን የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ።

የረርንም ልጥቀስ፤ ካልጠቀስኩ ያቺ ልጅ ትቀየመኛለች። ለዚህ ጉዞ ቦታ ስመርጥ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ወጥቼ ነበር። 3,100 ሜትር ነው። ከአናቱ ሆነህ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ ከጎንህ የሚያልፍ ይመስልሃል። ስንወርድ ጭጋግ መጣ። አንድ ምልክት፣ አንድ የተቀባ ድንጋይ የለም። ስልካችን መንገዱን አያውቀውም። ሦስት ሰዓት ዞረን ዞረን የረገጥነው ያንኑ ጭቃ ሆነ፤ የራሳችንን የሙዝ ልጣጭ አገኘን። ያወጣን ከ12 ዓመት የማይበልጥ እረኛ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለና አማርኛችንን ሰምቶ ሳቀ፣ በዱላው ጠቆመን። መንገዱ 50 እርምጃ ወዲያ ነበር። በአንድ ጣሳ ቀለም ይድን የነበረ ችግር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ሁሉንም በቢሮ ማላከክ ደግ አይደለም። ባለሀብቶች ለምን እንደሚያጥሩ ሳስብ ግማሽ ምክንያቱ እኛ ነን። ከብት መተላለፊያዋ መጨረሻ ላይ፣ ያ ሁሉ ውበት ባለበት፣ መሬቱ ላይ የነበረውን ብነግራችሁ ያሳፍራል። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የቢራ ቆርኪ፣ ጫት ገረባ፣ የተቃጠለ የፌስታል ክምር። ዓለቱ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የፍቅር ስም። ስፒከር ይዞ ሐይቅ ዳር መጥቶ ወፉን ሁሉ የሚያባርር ሰውም አለ። ሁለት ጠርሙስ ጠጥቶ «እኔ ዋናተኛ ነኝ» ብሎ የሚዘልም አለ፤ ይኼኛውን ሐይቁ አንዳንዴ አይመልሰውም። ተማሪዎቼ ከመሄዳችን በፊት ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ለቀሙ። እኔ አላዘዝኩም። እናትየው ናቸው ቆሎውን ካደሉ በኋላ ፌስታሉን ዘርግተው ጎንበስ ያሉት፣ ልጆቹ ዓይተው ተከተሏቸው። ሦስቱን ማዳበሪያ አውቶቡስ ላይ ጭነን አቃቂ አመጣነው። የምንጥልበት ገንዳ አላገኘንም።

ስንመለስ የተማሪዎቹ ጨዋታ ሌላ ሆኗል። ቀጥሎ የት እንሂድ ይባባላሉ። መልካ ቁንጥሬና ባልጩትን ነገርኳቸው። በሐምሌ 2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ከከተማችን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባልጩት የመንደሩ ስም የሆነው ያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚገኝበት ነው። የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በፊት እሱን ጠርበው ሥጋ ቆርጠውበታል። «እዚያስ አጥር አለ?» አለኝ ያ የተንሸራተተው ልጅ። ክርኑን በሶፍት እንደጠቀለለ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ እንመለሳለን። ቆጠራው አላለቀም፤ ያቺ ልጅ ሃያ ላይ ነው የቀረችው። አሁን የሌላው ክፍል ልጆችም ተመዝግበዋልና 71 ነን። ምሳችንን ይዘን እንመጣለን፣ ማዳበሪያም ይዘናል፣ ለመንገዱ መክፈል ካለብን ደረሰኝ እስካለው ድረስ እንከፍላለን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንደርሳለን። በየት በኩል እንደምንገባ ብትነግሩን።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ አቃቂ
ጥር 2018 ዓ.ም.